የጣሊያኑን ሳይቦርግ በጆሮ ጭምር ማየት፦ ለ«ቬንዴታ ዳል ፉቱሮ» ተመልካች

ሥራዬ ድምፅ ነው። ተዋንያን ስቱዲዮ ገብተው ምስሉን እያዩ ንግግራቸውን እንደገና ሲቀዱ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ቃሉ ከከንፈሩ ጋር መግጠሙን የምከታተለው እኔ ነኝ። ይህን ሙያ እንድወደው ካደረጉኝ ፊልሞች አንዱ ሰርጂዮ ማርቲኖ በ1986 ያወጣው «ቬንዴታ ዳል ፉቱሮ» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሃንድስ ኦፍ ስቲል» እየተባለ የተሸጠው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የሳይንስ ልብ ወለድ አክሽን ፊልም ነው። ሰው ጀምሮት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲዘጋው ሳይ በጣም ይቆጨኛል። የሚዘጋውም አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ «ከአፋቸው የወጣ አይመስልም» ብሎ ነው። እንዴት እንደሚታይ ላወቀ ግን ገንዘብ ያጠራቸው ባለሙያዎች ምን ያህል ብልሃት እንዳላቸው ከዚህ ፊልም በላይ የሚያሳይ ብዙ አላገኘሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ታሪኩን በጥቂቱ ማወቅ አይጎዳም። ፓኮ ኩዌሩአክ ሳይቦርግ፣ ማለትም አብዛኛው አካሉ በማሽን የተተካ ሰው ነው፤ የሚጫወተው አሜሪካዊው ዳንኤል ግሪን ነው። ምድሪቱ በብክለት በታመመችበት፣ ፊልሙ ከተሠራበት ጊዜ ብዙ በማይርቅ የወደፊት ዘመን፣ ፍራንሲስ ተርነር የተባለ ባለሀብት አንድ ዐይነ ስውር የአካባቢ ጥበቃ መሪ እንዲገድል ይልከዋል። ፓኮ ሰውየውን ይመታዋል፤ ለመግደል በሚበቃ ኃይል ግን አይመታውም። ለምን እንደሆነ ራሱም በቅጡ አያውቅም። ከዚያ ወደ አሪዞና ይሸሽና በረሃ መሀል ሊንዳ የምትባል ሴት የምትመራው ሞቴል ውስጥ ይጠለላል። ላኪዎቹም ሕግ አስከባሪዎቹም እግር በእግር ይከተሉታል። ከዚህ ወዲያ ያለውን እናንተው እዩት።

ስለ ማርቲኖ ማወቅ የሚገባችሁ አንድ ነገር አለ። አያቱ ጄናሮ ሪጌሊ የጣሊያንን የመጀመሪያ ባለ ድምፅ ፊልም በ1930 ያዘጋጀ ሰው ነው። ድምፅ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የልጅ ልጁ ፊልም የሚነቀፍበት ዋናው ነገር ድምፁ መሆኑ ደግሞ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ማርቲኖ ሳይቦርጉ ጋ ከመድረሱ በፊት ዌስተርን፣ የግድያ ምስጢር፣ የፖሊስ ፊልም፣ ኮሜዲ፣ ያልሞከረው የለም። ፕሮዲዩሰሩ ወንድሙ ሉቺያኖ ነው። የቤተሰብ ሙያ ነበር ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ የሚወጡትን ስሞች ስታነቡ ግን ማርቲኖን አታገኙትም። ዳይሬክተሩ «ማርቲን ዶልማን» ነው ይላችኋል። ሞቴሉ ውስጥ ከሚታዩት የጭነት መኪና ሾፌሮች መካከል ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚደርሰው፣ «ጆርጅ ኢስትማን» የተባለው ተዋናይም የጄኖቫው ሉዊጂ ሞንቴፊዮሪ ነው። ምክንያቱ ገበያ ነው። በ1975 ጣሊያን ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ይሸጥ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቁጥሩ ወደ 120 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1976 የግል ጣቢያዎች በየአካባቢው እንዲያሰራጩ በር ከከፈተ በኋላ ሕዝቡ ቤቱ ቁጭ ብሎ በየሌሊቱ ፊልም ማየት ለመደ። የሮም ትናንሽ ፕሮዲዩሰሮች ትርፋቸውን ከውጭ አገርና ከቪዲዮ ካሴት መፈለግ ነበረባቸው። ሚላን ውስጥ ሚፌድ ይባል በነበረው የፊልም ገበያ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያየው ርዕሱን፣ ፖስተሩንና የተዋንያኑን ስም ነበር። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስም፣ አንድ ሁለት የአሜሪካ ፊት፣ የአሪዞና ሰማይ። በ1984 «ተርሚኔተር» ዓለምን ስላነጋገረ ደግሞ ሳይቦርግ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ እሱን ለማረጋገጥ ፊልሙን ማየት አያስፈልግም። መታየት ያለበት ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው።

ቅጂ ስትመርጡ

ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ቅጂ አትውሰዱ፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ ድምፁ ከታፈነባችሁ ደግሞ እኔ የምላችሁን ነገር መስማት አትችሉም። በአዲስ መልክ ከፊልሙ ጥቅል የተቀዳ ዲስክ ወይም ፋይል ፈልጉ፤ ከተቻለ ጣሊያንኛውም እንግሊዝኛውም ድምፅ ያለበት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛው እዩት። ከዋናዎቹ ተዋንያን አንዳንዶቹ አሜሪካውያን ስለሆኑ ከንፈራቸው ከእሱ ጋር ይቀራረባል፣ ዐይናችሁም አይረበሽም። በሁለተኛው ጊዜ ወደ ጣሊያንኛው ቀይሩት። ሁለቱንም ጊዜ በሄድፎን ይሁን፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ይበላዋል።

«የትኛው ነው ዋናው?» ብላችሁ አትድከሙ። ይህን በደንብ ላስረዳ፤ የዘመኑን የጣሊያን ፊልም ለማየት ቁልፉ እዚህ ነው።

በ1930ዎቹ በፋሺስቱ መንግሥት ጊዜ የውጭ ፊልሞች በጣሊያንኛ ድምፅ ካልተዘጋጁ አይታዩም ነበር። በዚያ ግዴታ የተነሳ ሮም ውስጥ እጅግ የሠለጠነ የዳቢንግ፣ ማለትም ንግግርን በስቱዲዮ እንደገና የመቅዳት ሙያ አደገ። ከጦርነቱ በኋላም የጣሊያን ሲኒማ የራሱን ፊልሞች ጭምር በዚሁ መንገድ መሥራቱን ቀጠለ። ቀረጻ ላይ ድምፅ የሚቀዳው ለመምሪያ ብቻ ነበር፤ ማን ምን እንዳለ ለማስታወስ። ሊንዳን የምትጫወተው ስዊድናዊቷ ጃኔት አግረን፣ ጣሊያናዊው፣ አሜሪካዊው አንድ ትዕይንት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ የአንዱ አነጋገር ከሌላው ባይመሳሰልም ቀረጻው አይቆምም። ካሜራው እየጮኸ፣ ከስቱዲዮው ውጪ መኪና እያለፈ፣ ዳይሬክተሩ በመሀል «አሁን ዙር!» እያለ መቅረጽ ይቻላል። ድርድሩ ይህ ነው፦ ቀረጻው ይፈጥናል፣ ይረክሳል፤ ዕዳው ደግሞ በሙሉ ወደ እኛ፣ ወደ ድምፅ ክፍሉ ይተላለፋል።

ድምፅ ክፍል ውስጥ ፊልሙ አኔሎ ወደሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ይከፋፈላል። ድምፅ ሰጪው ቁራጩን ያየዋል፣ ደጋግሞ ያየዋል፣ ትንፋሹን ያጠናል፣ ከዚያ ይናገራል። ካልገጠመ እንደገና። እንግሊዝኛው ቅጂ የሚሠራውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ሮም ነበር፤ እንጀራቸው ይኸው ሥራ የሆነ፣ ኤልዳ የሚባል የራሳቸው ማኅበር የነበራቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በከተማው ይኖሩ ነበር። እንግዲህ እንግሊዝኛውም ጣሊያንኛውም በኋላ የተሠሩ ናቸው። የምትሰሙት ድምፅ ሌላ ሰው፣ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ከወራት በኋላ የተጫወተው ሁለተኛ ትወና ሊሆን ይችላል። እኔ እንደ ጉድለት አላየውም። ሁለት ሰዎች አንድን ገጸ ባሕርይ ተካፍለው ሲጫወቱ ማየት ለእኔ ደስታ ነው።

ምን ምን ልብ እንበል?

መጀመሪያ ርቀትን። በተፈጥሮ አጠገባችሁ ያለ ሰውና ቡና ቤቱ ጥግ የቆመ ሰው እኩል አይሰሟችሁም። በእንዲህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ግን እኩል ይሰማሉ፤ ሁለቱም ከማይክሮፎኑ አንድ ክንድ ርቀው ቆመው ስለቀዱ። ይህን አንዴ ከያዛችሁት በኋላ «የውሸት» ያሰኘው ስሜት ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ መረበሹንም ያቆማል። ቀጥሎ እርምጃ። የእግር ኮቴን፣ የበር መከፈትን፣ የልብስ ፍትጊያን በእጅና በእግሩ የሚሠራ ባለሙያ አለ፣ ጣሊያኖች ሩሞሪስታ ይሉታል። በረሃ ላይ ሰው ሲራመድ ጠጠሩ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚሰማ አስተውሉ፤ እውነተኛ በረሃ ላይ ነፋሱ ያንን ያህል አያሰማም። ከዚያ ደግሞ ጡጫ። የሮም ድምፅ ክፍሎች ጡጫን በካውቦይ ፊልሞቻቸው ሲያጎሉት ኖረዋል፤ ያ ወፍራም ድምፅ እዚህም አለ። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ጠብ ብትሰሙ ማን እንደመታና ማን እንደወደቀ ታውቃላችሁ።

ሙዚቃው የክላውዲዮ ሲሞኔቲ ነው፤ «ጎብሊን» ከሚባለው ቡድን ጋር በ1970ዎቹ የጣሊያን አስፈሪ ፊልሞችን በኪቦርድ ያናወጠው ሰው። እዚህ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ነው የሚሠራው። ኦርኬስትራ መቅጠር ውድ ነው፤ ኪቦርድ ፊት የተቀመጠ አንድ ብልህ ሰው ግን ሳይቦርግን ልብ ሊሰጠው ይችላል። ሙዚቃው ድንገት ከፍ ባለ ቁጥር ምስሉ ላይ ምን እንደጎደለ ፈልጉ፤ መኪናው እንደሚባለው ያህል ፈጣን አልነበረም፣ ወይም ሄሊኮፕተሩ ያን ያህል አልቀረበም ይሆናል።

ክንዱ

ለሁለተኛው ዙር የማዝዘው ሥራ ይህ ነው። ፓኮ ሞቴሉ ውስጥ ከሾፌሮቹ ጋር የክንድ ትግል የሚገጥምበትን የመጀመሪያውን ትዕይንት ፈልጉ። ሦስት ጊዜ እዩት፦ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ አንዴ ጀርባችሁን ለስክሪኑ ሰጥታችሁ፣ አንዴ ሁለቱንም አንድ ላይ።

ድምፁ ሲጠፋ ገንዘቡ የት እንደሄደ፣ ይልቁንም የት እንዳልሄደ ይታያችኋል። አንድ ጠረጴዛ አለ። ሁለት ሰዎች አሉ። ዙሪያውን የቆመ ሕዝብ አለ። የወደፊቱን ዘመን የሚያሳይ አንድም ማሽን የለም። ፓኮ ማሽን መሆኑን የምናውቀው ከተጋጣሚው ፊት ነው፤ አንዱ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ላብ ሲያጠምቀው ሌላው ጸጥ ብሎ ያየዋል። ዳንኤል ግሪንን ደረቅ ተዋናይ ነው የሚሉ አሉ። እዚህ ትዕይንት ላይ ግን ያ ድርቀት ትክክለኛው ትወና ነው፤ ፊቱን ቢያጨማድድ ኖሮ ልዩ ውጤቱ ይሞት ነበር። ጀርባችሁን ስትሰጡ ደግሞ ቅደም ተከተሉን በጆሮ ያዙ፦ የሕዝቡ ጩኸት፣ ትንፋሽ፣ የእንጨቱ መንቋቋት፣ ከዚያ እጅ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ። የሕዝቡ ጩኸት መቼ ዝቅ እንደሚልና መቼ እንደሚመለስ ልብ በሉ። ትግሉን ረጅም የሚያደርገው እሱ ነው።

ኋላ ላይ ፉክክሩ ይከብዳል፤ ጅራታቸውን የሚያንቀጫቅጩ መርዛማ እባቦች ጠረጴዛው ላይ ወዲህና ወዲያ ይታሰራሉ፣ የተሸነፈው እጅ የሚያርፈው እባቡ ላይ ነው። ሐሳቡ እጅግ ርካሽና እጅግ ጠንካራ ነው። የእባቡ ጅራት ድምፅ ብቻውን ሰዓት ቆጣሪ ይሆናል። ስለ ጭነት መኪና ሾፌርና ስለ ክንድ ትግል የተሠራው ታዋቂው የሆሊውድ ፊልም የወጣው በ1987 መሆኑንም አስታውሱ፤ ማርቲኖ በአንድ ዓመት ቀድሟል።

ፓኮ ክንዱን ከፍቶ ራሱን የሚጠግንበት ትዕይንትም አለ። እዚህ ላይ ምስሉን እያቆማችሁ እለፉ። ቆዳው ሲከፈት፣ ብረቱ ሲታይ፣ ፊቱ ሲታይ፣ እነዚህ ሦስቱ ስንት ጊዜ በአንድ ምስል ውስጥ አብረው እንደሚገኙ ቁጠሩ። የሥራው ዘዴ የታወቀ ነው፦ ሰው ሠራሽ ክንድ አንድ ብቻ ይሠራል፣ ያ ክንድ በቅርብ ይቀረጻል፣ የተዋናዩ ፊት ለብቻው ይቀረጻል፣ መቀሱ ያገናኛቸዋል። ለሙሉ ሰውነት የሚሆን ገንዘብ ስለሌለ አንድ ክንድ በደንብ ተሠራ። ፊልሙ የተሸጠውም በዚያ ክንድ ነው። እኔም የማምንበት ይህ ነው፤ ሃያ ነገር በግማሽ ከመሥራት አንዱን ነገር ሰው ዐይኑን ሳይነቅል እንዲያየው አድርጎ መሥራት።

የወደፊቱ ዘመን ራሱም እንዲሁ በቁጠባ የተሠራ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የሚታየውን የቅስቀሳ መፈክር ተመልከቱ፣ «የወደፊት ዕድል የላችሁም» የሚለውን። አንድ ወረቀት ሙሉ ዘመን ይገነባል። መኪናዎቹ የ1980ዎቹ መኪናዎች ናቸው፣ ሞቴሉም ተራ ሞቴል ነው። ዘመኑን ቅርብ ማድረጋቸው ከተማ ከመገንባት አዳናቸው፤ ስለ አየርና ስለ ውኃ የሚያነሱት ስጋት ደግሞ ዛሬም ያልተዘጋ ጉዳይ ስለሆነ ፊልሙ ያኔ ከነበረው ይልቅ አሁን ይከብዳል።

ስለ ክላውዲዮ ካሲኔሊ

ተርነር ፓኮን እንዲያድን የሚልከውን ነፍሰ ገዳይ የሚጫወተው ክላውዲዮ ካሲኔሊ ነው፤ በ1938 ቦሎኛ የተወለደ፣ ከማርቲኖ ጋር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደጋግሞ የሠራ፣ ቁጥብና ብርቱ ተዋናይ። በሐምሌ 1985 አሪዞና ውስጥ ቀረጻ ላይ እያለ፣ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር በኮሎራዶ ወንዝ ገደል ላይ ከተዘረጋው የናቫሆ ድልድይ አካባቢ ተከሰከሰ። እሱም አብራሪውም ሞቱ።

ይህን ፊልሙን ከማየታችሁ በፊት እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ሄሊኮፕተር ያለባቸውን ትዕይንቶች በሳቅ አትለፏቸው፣ ወደፊትም አታሳልፏቸው። በትንሽ በጀት ስለተሠራ ፊልም ስናደንቅ የምናደንቀው ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ክንዱ፣ ስለ ኪቦርዱ ነው። በሰው ሕይወት ላይ የሚደረግ ቁጠባ የለም፤ ካሜራ ከመነሣቱ በፊት «ይህን ትዕይንት መሬት ላይ ልንሠራው አንችልም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየቀረጻው መኖር አለበት። ካሲኔሊን በደንብ ለማወቅ የሚፈልግ ማርቲኖ በ1979 የሠራውን «ሊዞላ ዴሊ ዎሚኒ ፔሼ» ይይ፤ እዚያ ዋና ተዋናይ ነው።

ተርነርን የሚጫወተውን ጆን ሳክሰንንም ሳላነሳ አላልፍም። የብሩክሊን ልጅ ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ግን ከ1963 ጀምሮ፣ ከዳይሬክተሩ ማሪዮ ባቫ ጋር ከሠራበት ጊዜ አንሥቶ ሲመላለስ ኖሯል። ለተርነር የሰጠው ርጋታ ሌላው ሲጮህ ጎልቶ ይወጣል። ንግግሩን ሲጨርስ ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ተከታተሉ።

ከዚህ ቀጥሎ

ወዳጆቻችሁን ሰብስባችሁ ልታዩት ካሰባችሁ መጀመሪያ ለብቻችሁ እዩት። ቡድን ሲሰበሰብ ከንፈርና ቃል ያልገጠመበት ቦታ ሁሉ መሳቂያ ይሆናል፤ ክንዱ ላይ ስትደርሱ የሚያዳምጥ ጆሮ አይቀርም።

ከወደዳችሁት በቀጥታ ወደ «2019 ዶፖ ላ ካዱታ ዲ ኒው ዮርክ» ሂዱ፤ የዚያው ማርቲኖ የ1983 ሥራ ነው። የፈረሰችውን ኒው ዮርክ በትንንሽ ሞዴል ሕንፃዎች ሠርተዋታል። ካሜራው ሞዴሎቹን ከታች ወደ ላይ ሲያይና ከላይ ወደ ታች ሲያይ የሚሰጡትን ስሜት አወዳድሩ። ቀጥሎ የኤንዞ ካስቴላሪ «1990 ኢ ግዌሪየሪ ዴል ብሮንክስ»፣ የ1982። የውጪው ክፍል ኒው ዮርክ ውስጥ፣ የውስጡ ሮም ውስጥ ነው የተቀረጸው፤ ከአንዱ በር ገብተው በሌላ አገር ሲወጡ የግድግዳውን ድምፅ አድምጡ። ወንዝ ዳር ሁለት የወሮበላ ቡድኖች የሚገናኙበት ትዕይንት ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ድራም ይመታል፤ የፊልሙ ሙዚቃ ከዚያ ሰው እጅ ይወጣል። ማብራሪያ አይሰጡትም፣ እኔም ማብራሪያ አልፈለግሁም፤ ትዕይንቱን ያቆመው እሱ ነው። የዚያው ካስቴላሪ የ1983ቱ «ኢ ኗቪ ባርባሪ» ሙዚቃ የሲሞኔቲ ስለሆነ ከሳይቦርጉ ሙዚቃ ጋር ጎን ለጎን ስሙት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ መሣሪያዎቹ ምን ያህል እንደተለወጡ ይሰማችኋል።

ከሁሉ በኋላ ወደ 1965 ተመለሱ፣ ወደ ባቫ «ቴሮሬ ኔሎ ስፓዚዮ»። አንድ ሙሉ ፕላኔት በጭስ፣ በባለ ቀለም መብራት፣ በመስታወትና በጥቂት የፕላስቲክ ድንጋዮች የተሠራበት ፊልም ነው። የክፍላችሁን መብራት ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ የስክሪኑንም ብርሃን ቀንሱ፤ ብርሃን በዝቶ ከታየ ጭሱ ግራጫ ይሆንና ቀለሞቹ ይጠፋሉ። ይህኛውን በጣሊያንኛው ድምፅ ጀምሩት።